ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዕድሜዬ 34 ነው። አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ከእማዬና ከ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር እኖራለሁ። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተብላ ስትታከም ቆየች። ከሁለት ወር በፊት ሆስፒታሉ ‹ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት› ብሎ ሸኘን። ሌሊት አትተኛም። ጥርሷን ነክሳ ታድራለች። አልቻል ሲላት ‹እመቤቴ ሆይ ውሰጂኝ› ትላለች። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እሰጣታለሁ፤ አሁን አሁን ምንም አይላትም። አንድ ሐኪም ሞርፊን ጽፎልን ነበር። ጎረቤታችን ‹እሱ የመጨረሻው ነው፣ ሱስም ያስይዛል፣ ቶሎ ይገድላታል› ስትለኝ ፈርቼ ተውኩት። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሽታም አለ፤ ሰው መግባት ትቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ፤ ካልሠራሁ አንበላም። ታላቅ ወንድማችን ‹ለእማዬ እንዳትነግሪያት› ይላል። ሪያድ ያለችው እህቴም ሆስፒታሉ ያለውን አልሰማችም፤ ‹ብቻዋን ሆና ምን ትሆንብናለች› ተብሎ። እሷ ደግሞ ‹ብር ልላክ፣ ሕንድ ውሰዷት› እያለች በየቀኑ ትደውላለች። ምን ላድርግ? ሌሊቱ የረዘመባት»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቀረው ቦርሳሽ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ወረቀቱን አውጪውና ቀኑን እዪው። ካለፈበት ሐኪሙ ጋ ተመልሰሽ አዲስ አጽፊ። እናትሽን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ካርዳቸውንና የመጨረሻውን የሕክምና ወረቀት ይዘሽ ሂጂና ሁኔታውን አስረጂ። የሞርፊን ማዘዣ ልዩ ወረቀት ነው፤ መድኃኒቱንም ሁሉም ፋርማሲ አይይዘውም። ሦስት ቦታ «የለም» ብትባዪ ተስፋ አትቁረጪ። የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ ጠይቂ።

ጎረቤትሽ ክፉ ሆና አይደለም ያስፈራራችሽ። ያየችውን ነው የነገረችሽ። እኛ አገር ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሰው ሊሞት ሲቃረብ ስለነበር፣ ሞርፊን የወሰደ ሁሉ ሲሞት አይታለች። የገደለው ግን በሽታው ነው። በልኩ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሱስ የሚባለውም ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ሞርፊኑን የሚፈልጉት ለስካር አይደለም፤ ለመተኛት ነው። እርግጥ ሰውነት ይለምደዋል። ስለዚህ በድንገት አይቋረጥም። ያ ግን የደም ግፊት መድኃኒትም አለው።

እኔም እንደ ጎረቤትሽ ነበርኩ። ነርስ ሆኜ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሞርፊን የሚቀመጠው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ። አንዲት እንጨት ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ፣ ታዞላቸው እያለ፣ «ትንሽ ይታገሱ እናቴ» እያልኩ አደርኩ። መጠኑን እንዳላበዛ ፈርቼ ነው። ሲነጋ «ልጄ፣ አንቺም ደከመሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ወደ አሰጣጡ። ሞርፊን እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም። በሰዓት ነው የሚሰጠው። የሚጠጣው ሽሮፕ ወይም ተራው ክኒን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ሕመሙ ተመልሶ ሳይመጣ የሚቀጥለው መግባት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከዚያ የመኝታው 4 ሰዓት ላይ። ሌሊት መቀስቀስ እንዳይኖር ብዙ ሐኪሞች የመኝታውን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን አንቺ በራስሽ አታድርጊው፤ ሐኪሙን ጠይቂና ያጽፍልሽ። በመሃል ሕመም ፈንቅሎ ቢመጣ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠንም አብሮ እንዲጻፍ ጠይቂ። የታዘዘው በቀን ሁለቴ ብቻ የሚዋጠው ዓይነት ከሆነ ግን አይሰበር፣ አይፈጭ። እሱ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እንቅልፍ ያበዙ ይሆናል። አትደንግጪ። ለወራት ያልተኛ ሰው ነው የሚተኛው። ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ መድኃኒት አለው። የማይቀረው የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን በተጀመረበት ቀን የሆድ ማለስለሻው፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ አብሮ መጀመር አለበት። ነርሶችም ሳንቀር የምንረሳው እሱን ነው፤ በኋላ ሕመምተኛው ከካንሰሩ ይልቅ በድርቀቱ ይሰቃያል። ፓፓያ ጥሩ ነው። ተልባ ግን በቂ ፈሳሽ ለማይጠጣ ሰው ነገሩን ያብሰዋል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። እናትሽ ጠርተሻቸው፣ ነቅንቀሻቸውም ለመንቃት ካስቸገሩ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ፣ የሚቀጥለውን አትስጪና ቶሎ ለባለሙያ አሳውቂ። ሽንታቸው እየቀነሰ ከመጣም እንደዚሁ። የማህፀን በር ካንሰር ሲገፋ የሽንት ቧንቧውን ይጫንና ኩላሊት ይጎዳል፤ ያን ጊዜ ሞርፊኑ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም መጠኑና ሰዓቱ መስተካከል አለበት። ዲክሎፌናኩንም በዚሁ ምክንያት በራስሽ መግዛት አቁሚ፤ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ሦስተኛው፣ ጠርሙሱን ልጅቷ ከማትደርስበት ቦታ ቆልፊበት።

ስለ ሽታው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። እንዳፈርሽ ገብቶኛል። አትፈሪበት፣ መፍትሔ ካላቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ሽታውን የሚያመጡት በቁስሉ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ርካሽ ክኒን ታውቂዋለሽ፤ ለአሜባ የምንወስደው። የፓሊየቲቭ ኬር (የማስታገሻ እንክብካቤ) ነርሶች እሱን ፈጭተው ቁስል ላይ ይነሰንሱታል። ለእናትሽ ሕመም እንዴት እንደሚደረግ ነርሷ በእጇ ታሳይሽ፤ በጽሑፍ የሚነገር አይደለም። እስከዚያው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ትንሽ ጨው ጨምረሽ ከውጭ እጠቢያቸው። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ ያለቀ ነጠላ ቢሆን፣ ቆርጠሽ እንደ ሞዴስ ተጠቀሚበት። ስታጥቢው ጓንት አድርጊ፤ ከሌለ እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከአልጋው ሥር በሰሃን ያልተቀጣጠለ ከሰል አስቀምጪ፤ ሽታ ይስባል። ዕጣኑን ግን ቀንሺው። ጭሱ ሕመምተኛ ያስላል፤ ደግሞ የዕጣንና የቁስል ሽታ ሲቀላቀል ከሁለቱም ይብሳል።

ጠቆር ያለ ፎጣ ወይም ጋቢ ለብቻው አጥበሽ አስቀምጪ። ድንገት ደም ቢበዛ እሱን ታደርጊበታለሽ። በነጭ አንሶላ ላይ ደም ሲታይ ሕመምተኛም አስታማሚም ይደነግጣል፤ በጥቁር ላይ ያን ያህል አያስፈራም። ደሙ የሚደጋገም ከሆነ ሐኪሙን ስለ ጨረር ጠይቂው። ጨረር ለመዳን ብቻ አይደለም። አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶ ደም የሚያቆምበት፣ ሕመም የሚያቀልበት ጊዜ አለ።

ሌላው የምታውቂው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን አዙሪላቸው። የቀላ ቦታ ካየሽ አትሺው፤ ከጫና አሳርፊው። አፋቸውን ትንሽ ጨው ባለው ውኃ አጉመጥምጫቸው፤ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቢ። አልበላም ካሉ አጥሚቱን በግድ አትጋቺ። «ካልበላች ትሞታለች» ይሉሻል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውነት ወደ መጨረሻው ሲሄድ ምግብ አይፈልግም። ሁለት ማንኪያ ይበቃል። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅ እግራቸው ሊቀዘቅዝ፣ ትንፋሻቸው ሊቆራረጥና ጉሮሯቸው ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። ለሚሰማው ያስጨንቃል እንጂ እሳቸውን እንደምናስበው አያሰቃያቸውም። በጎናቸው አስተኚያቸውና እጃቸውን ያዢ።

«የምናደርገው የለም» ያለሽን ሰው አልወቅሰውም፤ ግን ተሳስቷል። ማለት የነበረበት «የምናድንበት የለም» ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህን እንክብካቤ እንደሚፈልግና የሚያገኘው 14 በመቶው ብቻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። የማያገኙት በአብዛኛው እንደኛ ያለ ሰፈር ነው ያሉት። ገንዘብ ብቻ እንዳይመስልሽ እንቅፋቱ። ኡጋንዳን እዪ። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ የተባለውን የማስታገሻ እንክብካቤ ድርጅት እዚያ ሲያቋቁሙ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጠው በርካሽ ማዳረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በሙያው የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕጉ ፈቀደ። እኛ ጋ ይህ ቢሆን ኖሮ ስንት ሌሊት ባጠረ! ይህን የምለው እንደ ነርስ ነው፤ ሐኪሞች ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

እዚሁ አዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ አለ። በአንዲት ነርስ፣ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ ይረዳሉ። እነሱን ጠይቂ። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤት ድረስ ጥሪያት። ወረዳ ሄደሽ ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተነጋገሪ፤ መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ።

አሁን ወደ ሕንድ እንሂድ። እናትሽን አትውሰጃቸው። መንገዱ ራሱ ይጨርሳቸዋል፤ ብሩም ልጅቷ የምትማርበት ነው። ከሕንድ ግን አንድ ነገር ወደ ሰፈርሽ ማምጣት ትችያለሽ። ኬረላ በሚባለው ግዛት፣ ኮዚኮድ ከተማ፣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት ትንሽ የሕመም ማስታገሻ ክሊኒክ ከፍተው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ገባቸው። ክሊኒክ የቱንም ያህል ቢሰፋ ሌሊት ላይ አልጋው አጠገብ ያለችው ልጅ ናት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 ነገሩን ለጎረቤት አስረከቡት። በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል ሰው ሁሉ ይሠለጥናል፤ ሳንቲም እያዋጡ ነርስ ይቀጥራሉ። መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ።

ይህን ሳነብ የሳቅኩት እኛ ዘንድ ስሙ እድር ስለሆነ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የእኛ የሚመጣው ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ነው። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ከሁሉ በላይ ሰው አለው። ያ ሁሉ ሰው እናትሽ ሲሞቱ ሦስት ቀን ግቢያችሁን ይሞላል። ዛሬ ግን አንቺ ጄሪካን ተሸክመሽ፣ ሌሊት ነቅተሽ፣ ጠዋት የሰው ልብስ ታጥቢያለሽ። ይህ አዲስ ሐሳብ እንዳይመስልሽ። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ባጠቃበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች የታመሙ አባሎቻቸውን ቤት ለቤት መጠየቅና ማስታመም ጀምረው ነበር። ከዚያ ዘመን የቀሩ ሴቶች ሰፈራችሁ ውስጥ አይጠፉም። ፈልጊያቸው።

የእድሩ ዳኛ ጋ ስትሄጂ «እርዱኝ» አትበዪ። «እርዱኝ» ስትዪ «እግዜር ይርዳሽ» ብለው ይሸኙሻል። ሥራ ቆጥረሽ ሂጂ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ2 እስከ 6 ሰዓት አንድ ሰው እናቴ ጋ ይቀመጥልኝ። በሳምንት አንዴ ጨርቅ የሚያጥብ። ውኃ የሚቀዳ ጎረምሳ። ፋርማሲ የሚላክ። ከተቻለ ለቀብር ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ አሁን ለመድኃኒት። እሱን እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ አለና። ጠይቂ ግን። እንዲሁም ካንሰሩ እንደማይተላለፍ ንገሪያቸው። አብሮ በመብላት፣ በልብስ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም። ሰው መግባት የተወው በሽታው የሚጋባ እየመሰለው ከሆነ፣ ሽታው ሲቀንስና ይህን ሲሰማ ይመለሳል። የመጀመሪያዋ ቡና ጠጥታ ትውጣ፤ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ፀበሉን አልጠቀስሽም፤ ግን ሳይነሳ አይቀርም። «መድኃኒቱን አቁሚና ፀበል ብቻ ይዘሽ ሂጂ» የሚልሽ ይኖራል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለሞርፊንም ይሠራል።

አሁን የከበደው ጋ ደረስን። ወንድማችሁ «ለእማዬ አትንገሪ» ይላል። እስቲ ልጠይቅሽ። ሌሊት «እመቤቴ ሆይ ውሰጂኝ» የሚል ሰው ምን ያልገባው ይመስልሻል? እናትሽ ያውቃሉ። አንቺም ታውቂያለሽ። ሁለታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ስትደብቁ ነው የምታድሩት። ሲስሊ ሳንደርስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ፤ በነርስነት ጀምረው በኋላ ሐኪም ሆነው እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ የከፈቱ። ሕመም የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የሚቀረው ልጅ ሐሳብ፣ የቤት ኪራይ፣ ያልተነገረ ንስሐ፣ ያልታረቁት ሰው፣ ሁሉም አብሮ ያማል። ለእሱ ሞርፊን የለውም። የሚያስታግሰው ወሬ ነው።

እንግዲህ ዘለሽ «ትሞቻለሽ» በያቸው ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ በዪና «እማዬ፣ ሐኪሞቹ ያሉትን ልንገርሽ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ምርጫው የእሳቸው ይሁን። «ይቅር» ካሉ ይቅር። «ንገሪኝ» ካሉ በአጭሩ ንገሪያቸውና ዝም በዪ። ዝምታውን አትሙዪው። ምናልባት የንስሐ አባታቸውን ይጠሩ ይሆናል። ምናልባት የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ለልጅቷ ምን እንዳስቀመጡ ይነግሩሽ ይሆናል። ምናልባት ሻይ አፍዪልኝ ብቻ ይሉሽ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አቁሚ፤ «ትድኛለሽ» አትበያቸው። «አልተውሽም» በያቸው። እሱ እውነት ነው።

በነገራችን ላይ ራስሽም 34 ነሽ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ አጭር ነው፣ ቀድሞ ከተገኘ እዚያው ይታከማል። አንድ ሰው እናትሽ ጋ ሲቀመጥልሽ ሂጂ። የልጅቷንም ክትባት አረጋግጪ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው፤ ትምህርት ቤት አምልጧት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቂላት።

እህትሽስ? እኛ መርዶ የምንነግርበት ሥርዓት አለን። ክፉ ወሬ ለብቻው ሰው ላይ አይጣልም። ሰው ይሰበሰባል፣ አጠገቡ የሚይዘው ይኖራል፣ ከዚያ ይነገራል። ጥሩ ሥርዓት ነው። ወንድማችሁ የፈራው ብቻዋን መሆኗን ከሆነ፣ ብቻዋን አታድርጓት። ሪያድ ውስጥ የምትቀርባት ጓደኛ አለቻት? መጀመሪያ ለጓደኛዋ ንገሪ። ሁለቱ በተገናኙበት ቀን፣ አርብ ዕረፍት ካላት አርብ፣ ደውዪና ንገሪያት። የሚነገራት ግን መርዶ አይደለም። እናቷ በሕይወት አሉ። መምጣት ከቻለች ትምጣ። ካልቻለችም ለሕንድ ያሰበችውን ብር ለሞርፊኑ፣ ለሞዴሱ፣ አንቺ ሥራ ለቀረሽባቸው ቀናት ትላክ።

ልቅሶ ላይ ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ «ለምን አልነገራችሁኝም» ብላ ደረቷን ስትመታ ስንቴ አይቻለሁ። በዚያች ሰዓት ማንም መልስ የለውም።

ለእህትሽ ከነገርሻት በኋላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽ እናትሽ ትራስ ላይ አስቀምጪው። አንቺ በረንዳ ላይ ውጪና ጨርቁን አስጪ።